ጥራት

«ጥራት» «ጠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሰማይ ይጠራል፤ ድፍርስ ውሃም ሲያድር ይጠራል። «የትምህርት ጥራት» ስንል ግን የምናስበው ውሃውን ሳይሆን ፋብሪካውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ዋልተር ሸዋርት በአሜሪካው የስልክ ዕቃ አምራች በዌስተርን ኤሌክትሪክ ውስጥ የጥራት መቆጣጠሪያ ሰንጠረዥ አወጣ። የዕቃ ፍተሻው የጥራት ቋንቋ ውሎ አድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከመመዘኛ፣ ከኦዲትና ከእውቅና ጋርም ተቆራኘ። የሚመዘነውም በዋናነት ተቋሙ ነው።

በእስልምናው የትምህርት ልማድ ጥራትን የሚሸከመው ቃል ደግሞ «ኢጃዛ» ነው፤ ትርጉሙ ፈቃድ። ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን (መጽሐፉን) ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ያነባል። አንዲት አናባቢ ከሳተ ሸኹ ያስቆመዋል፣ እንደገና ያስነብበዋል። ሲጨርስ ፈቃዱን የሚሰጠው ሸኹ ራሱ እንጂ መድረሳው (ትምህርት ቤቱ) አይደለም። ኢጃዛው ላይ የሸኹ ስም፣ የእሱ መምህር ስም፣ ከዚያም የመምህሩ መምህር እየተባለ ሰንሰለቱ ይዘረዘራል። የቁርኣን ኢጃዛ ከሆነ እስከ ነቢዩ ሙሐመድ ይዘልቃል።

ይህን ስል ኢጃዛ እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ሳይቀር ይሰጥ ነበር፤ ያም ዕውቀታቸው ተፈትኖ አልነበረም። ቢሆንም «ማን አስተማረህ?» የሚለው ጥያቄ፣ ለእኔ፣ «የት ተማርክ?» ከሚለው ይበልጥ ወደ «ጠራ» ይቀርባል። እስቲ በዚህ ሳምንት ልጅዎን የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቁት።