ድረ ገጾች ለተፈቀደለት ሰው ብቻ የሚከፈቱት እንዴት ነው?

በሀዋሳ የሚገኘው ጉዱማሌ የሕዝብ አደባባይ ነው፤ በፊቼ ጨምበላላ ዕለት ከከተማም ከገጠርም የመጣው ሕዝብ በአንድነት ይቆምበታል። በዚያው ስፍራ አንድ ሰው በእጅ ስልኩ የባንክ ሒሳቡን ሲከፍት ግን ለእርሱ ብቻ ወደተፈቀደ ክፍል ይገባል። በኢንተርኔት ላይም እንዲሁ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ገጾች አሉ፤ ባለቤቱ ብቻ ሊያያቸው የሚገቡም አሉ።

ለይቶ የማስገባቱ ሥራ በመግቢያው ገጽ ይጀምራል። ተጠቃሚው ስሙን ወይም ስልክ ቁጥሩን ከይለፍ ቃሉ ጋር ያስገባል፤ በርካታ አገልግሎቶች ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ በአጭር መልእክት ይጨምራሉ። ይሁንና ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ በተፈጥሮው ዝንጉ ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ከማያውቀው እንግዳ እንደመጣ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለገባው ሰው ሊገመት የማይችል ረጅም ምልክት ይሰጠዋል። ምልክቱ ኩኪ በሚባል አነስተኛ ማስቀመጫ በስልኩ ውስጥ ይቆያል፤ አዲስ ገጽ በተጠየቀ ቁጥርም ለሰርቨሩ ይቀርባል። ምልክት የሌለው ወይም ጊዜው ያለፈበት ሰው ወደ መግቢያው ገጽ ይመለሳል።

ብዙ ድረ ገጽ ሠሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቁልፉን ከገጹ ላይ መሰወር በሩን መዝጋት ይመስላቸዋል፤ የገጹን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ግን በቀጥታ ጽፎ ይገባል። የባሰው ስሕተት ደግሞ ሌላ ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለቡና አቅራቢ አባላቱ የክፍያ ገጽ አዘጋጀ እንበል። የአንዱ አርሶ አደር ገጽ አድራሻ በ415 የሚያበቃ ቢሆንና ቁጥሩን ወደ 416 ሲለውጠው የጎረቤቱ ክፍያ ቢታየው፣ መግቢያው ቢኖርም ጥበቃው የለም። ሰርቨሩ «ይህ ሰው ገብቷልን?» ብሎ ጠይቋል፤ «ይህ መዝገብ የእርሱ ነውን?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ኦዋስፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የስጋቶች ዝርዝር ይህን መሰሉን ጉድለት በአንደኛ ደረጃ አስቀምጦታል።

በሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ስለዚህ ከላይ የተገለጸው ዓይነት ክፍተት የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በተጠቃሚው በኩልም ጥንቃቄ ያሻል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በተውሶ ስልክ የተጠቀመ ሰው ገጹን ስለዘጋው ብቻ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ ምልክቱ እዚያው ስለሚቀር «ውጣ» የሚለውን መጫን አለበት። በርካታ አርሶ አደሮች ስልካቸውን በልጃቸው ወይም በጎረቤታቸው እጅ እንደሚያስነኩ የታወቀ ነው፤ ይህ የመተማመን ጉዳይ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። በአጭር መልእክት የመጣውን ኮድ በስልክ ደውሎ ለሚጠይቅ ሰው መንገር ግን በሩን ከፍቶ መስጠት ነው፣ ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ። ስልክ የጠፋበት ሰው የይለፍ ቃሉን ሳይውል ሳያድር ይለውጥ፤ በጠፋው ስልክ ላይ የቀረው ምልክት እንዲሰረዝለትም አገልግሎት ሰጪውን ይጠይቅ።