ፋብሪካ በጋዜጣ ዓይን፦ ከወንጂ እስከ ሐዋሳ

ጋዜጦቻችን የአገር ውስጥ ፋብሪካን እንዴት ሲያዩት ኖሩ? ጋዜጣውን የሚያሳትመው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ የመልሱን ግማሽ አገኛችሁት ማለት ነው። ሌላውን ግማሽ እንየው።

አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም ሲመሠረት የመንግሥት ጋዜጣ ነበር። የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። ያኔ ፋብሪካ ማለት የሥልጣኔ ምልክት ነው፤ ዜናውም ግርማዊነታቸው መረቁ፣ ጎበኙ ነው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅም በዚሁ ዓይን ነው የታየው። ሸንኮራ ቆራጩ ስንት ይከፈለዋል የሚል ጥያቄ በሳንሱር ለሚያልፍ ጋዜጣ አይመችም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የወንጂ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት የጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የብዙ ልጆች ጥርስ በልዟል፤ አንዳንድ የቆዩ ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸው ተጎድቶ ጎብጠዋል። ዛሬ ይህንን ታሪክ የምናውቀው በዋናነት ከሐኪሞች ጥናት ነው። ጋዜጣው ስኳሩን ሲቆጥር፣ ሐኪሙ ሰዉን ቆጠረ።

ጥር 1967 ዓ.ም ደርግ 72 ኩባንያዎችን ወረሰ። ባለቤቱ ሲቀየር የጋዜጣው ቋንቋም ተቀየረ። ትናንት «ባለሀብት» የተባለው «በዝባዥ» ሆነ፤ ሠራተኛው ደግሞ «ወዝ አደር» ተብሎ ፊት ገጽ ላይ ወጣ። ግን ወጣ እንጂ አልተናገረም። ዜናው ፋብሪካው ከዕቅዱ ይህን ያህል በመቶ አመረተ ነው፣ ሕዝቡ ግን ስኳሩን በራሽን ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚወስደው።

አዋጅ ቁጥር 34/1985 የግል ፕሬስን ሲፈቅድ ብዙዎቹ አዳዲስ ጋዜጦች ያተኮሩት ፖለቲካው ላይ ነው። ፋብሪካን እንደ ንግድ፣ ማለትም በጨረታው፣ በዕዳውና በክሱ በኩል ማየት የተለመደው እንደ ሪፖርተር፣ ካፒታልና ፎርቹን ያሉት ሲመጡ ነው። እነሱም ቢሆኑ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ከፋዩን ድርጅት መንካት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ትልቁ ፈተና የስኳር ዕቅዱ ነበር። በ2003 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ የስኳር ምርትን በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ ብሎ ነበር። አልደረሰም፣ አገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን ቀጠለች። የግል ጋዜጦች ስለ ግንባታው መዘግየት ሲጽፉ የመንግሥቶቹ ስለ «ስኬት» ይጽፉ ነበር። ከስኳር ግንባታዎቹ የተወሰኑትን የያዘው ሜቴክ በተለይ የኩራት ምንጭ ተደርጎ ሲቀርብ ነው የኖረው። ኅዳር 2011 ዓ.ም ኃላፊዎቹ ሲታሰሩ ግን እነዚያው የመንግሥት ሚዲያዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የብክነት ዘጋቢ ሆኑ። መረጃው ቀድሞ አልነበረም ለማለት ይከብዳል፤ የተገኘው ፈቃዱ ነው።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም ሲመረቅ ወሬው ሁሉ ስለ ሥራ ዕድል ነበር። የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር ወደ 26 ዶላር ገደማ መሆኑ መነጋገሪያ የሆነው ግን አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል በ2011 ዓ.ም ሪፖርት ካወጣ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ደግሞ ዓይን ሁሉ ዲፕሎማሲው ላይ ሆነ፣ ሥራ ያጡት ልጆች ኪራይ በምን ከፈሉ የሚለው ወደ ኋላ ቀረ።

ራሳችሁ ማነጻጸር ከፈለጋችሁ የድሮዎቹ የአዲስ ዘመን ቅጾች ወመዘክር አሉ። የ1946ቱን፣ የ1967ቱንና የ2008ቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፤ የሠራተኛ ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ።