የሊዬዥ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያንና የናሱ መጠመቂያ

የሰው እጅ የሠራው ሕንፃ ይፈርሳል፤ ንዋየ ቅድሳት ግን ጠባቂ ካገኘ ከዘመን ወደ ዘመን ይሻገራል። በቤልጅግ አገር በሞዝ ወንዝ ዳር በተመሠረተችው በሊዬዥ ከተማ የሚገኘው የናስ መጠመቂያ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። የተሠራላት ቤተ ክርስቲያን ከጠፋች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲሆን፥ እርሱ በሌላ ደብር ቆሞ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚህ በታች የሚነገረው የዓመታት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሊዬዥ በሰማዕት ደም ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በ705 ዓ.ም. ገደማ ጳጳሱ ላምቤርቶስ በዚያ ስለ ተገደለ ምእመናን ስፍራውን ይሳለሙ ጀመር፤ ተከታዩም ጳጳስ ሁቤርቶስ ዐፅሙን ከማስትሪክት አፍልሶ በዚያ አኖረው። ከ972 እስከ 1008 ዓ.ም. በመንበሩ የተቀመጠው ኖትገር የጳጳስንና የመስፍንን ሥልጣን ባንድነት ይዞ በቅዱሱ ስም ታላቅ ካቴድራል አሠራ። በካቴድራሉም ጐን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ቆማ ነበር። መጠኗ ከታላቁ ሕንፃ ጋር የማይተካከል ቢሆንም፥ ሌሎች አጥቢያዎች ያላገኙት ክብር ነበራት፤ ለረጅም ዘመን የከተማው ሕፃናት ክርስትና የሚነሡት በእርስዋ ዘንድ ነበርና። ስለዚህም የመጠመቂያዋ እመቤታችን እየተባለች ትጠራ ነበር። የመኳንንቱም ልጅ የሸማኔውም ልጅ ወደ አንድ ውኃ ይመጣ ነበር።

መጠመቂያው የተሠራበት ዘመን የጠብ ዘመን ነበር። የሮማው ፓፓና የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣን የማን ነው በማለት ይከራከሩ ነበርና፥ የሊዬዥ ጳጳስ ኦትቤር ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ቆመ። በፓፓው የተወገዘው፥ በገዛ ልጁም ከዙፋኑ የተገፋው ሄንሪ 4ኛ ወደ ሊዬዥ መጥቶ በ1106 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አለቃ የነበረው ሄሊን መጠመቂያውን ያሠራው ከዚህ ሁከት በኋላ፥ ከ1107 እስከ 1118 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ገንዳው ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፥ ወርዱም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የተሠራው መዳብ ከዚንክ ማዕድን ጋር ተዋሕዶ ከሚገኘው ቢጫ ናስ ሲሆን፥ የሞዝ ወንዝ ሸለቆ ሰዎች በዚህ ሥራ በአውሮፓ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። አንጥረኛው አስቀድሞ መልኩን ሁሉ በሰም ይቀርጻል፤ በሰሙም ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ የቀለጠው ናስ ይፈስበታል። ናሱ ከበረደ በኋላ ጭቃው ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ስሕተት ቢገኝበት የወራት ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህ ገንዳ ከነሥዕሎቹ ባንድ ጊዜ የፈሰሰ በመሆኑ የዛሬ ባለሙያዎች እንኳ ያደንቁታል።

በኢትዮጵያ ባለቅኔዎች ሰምና ወርቅ የሚሉት ምሳሌ ከዚሁ ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው፤ የሊዬዡም መጠመቂያ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ገንዳው በመጀመሪያ በ12 በሬዎች ጀርባ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 እንደ ተነገረው፥ ንጉሥ ሰሎሞን ለቤተ መቅደስ ያሠራውን የናስ ኩሬ የሚያስታውስ ነው። በሬዎቹ በዓይን የሚታዩ ሰም ናቸው፤ ወርቁ ግን የጥምቀትን ወንጌል ወደ አራቱ ማዕዘን የተሸከሙት 12ቱ ሐዋርያት ናቸው። በዚያው ከተማ በቅዱስ ላውሬንጥዮስ ገዳም የነበረው የመጻሕፍት ተርጓሚ ሩፔርቶስ በዚህ ዘመን ያስተምር ስለ ነበር፥ ብዙ ሊቃውንት የመጠመቂያው ምሥጢር ከእርሱ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ።

በገንዳው ዙሪያ አምስት ታሪኮች ተቀርጸዋል፤ አንዱን ከአንዱ የሚለዩትም ዛፎች ናቸው። በመጀመሪያው መጥምቁ ዮሐንስ ለሕዝብ ይሰብካል፤ ከሚሰሙትም መካከል የጦር ልብስ የለበሰ ወታደር አለ። በሁለተኛው ቀራጮችን ያጠምቃል። በሦስተኛው ጌታ በዮርዳኖስ ቆሞ፥ ውኃው እስከ ወገቡ ከፍ ብሎ፥ መላእክትም እጃቸውን በልብስ ሸፍነው ሲያገለግሉ ይታያል። በአራተኛው ጴጥሮስ መቶ አለቃውን ቆርኔሌዎስን፥ በአምስተኛው ወንጌላዊው ዮሐንስ ፈላስፋውን ክራቶንን ያጠምቃሉ። ስለዚህ ወታደርና ቀራጭ፥ አሕዛብና ጠቢብ በአንድ ገንዳ ዙሪያ ተሰብስበዋል።

የሠሪው ስም እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1118 ዓ.ም. ገደማ በግጥም የተጻፈ የከተማው ዜና መዋዕል መጠመቂያውን ሲያነሣ የአንጥረኛውን ስም አይናገርም። በ1402 ዓ.ም. የተጻፈ ሌላ ዜና መዋዕል ግን ሥራው ከዊ ከተማ የነበረው የረኒዬ ነው ይላል፤ በዚህ ስም የሚጠራ ወርቅ አንጥረኛም በ1125 ዓ.ም. ሰነድ ላይ ይገኛል። ከቅርብ ዘመን ተመራማሪዎች መካከል ግን፥ ሥዕሉ የጥንቱን የግሪክና የሮም ጥበብ ስለሚመስል፥ የሌላ አገር እጅ ነው የሚሉ ተነሥተዋል። ክርክሩ አልተቈረጠም።

በ1789 ዓ.ም. የሊዬዥ ሕዝብ በመስፍኑ ጳጳስ ላይ ተነሣ፤ በ1794 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር ገባ። የቅዱስ ላምቤርቶስ ካቴድራል የጳጳሳቱ አገዛዝ ምልክት ነው ተብሎ በገዛ ከተማው ሰዎች ይፈርስ ጀመር፤ የእመቤታችንም ቤተ ክርስቲያን አብራ ጠፋች። በዚያ ወራት ናስና እርሳስ ለጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበር፤ መጠመቂያው ግን ተሸሽጎ ዳነ። ነቢያትና ሐዋርያት የተቀረጹበት ክዳኑ ጠፋ፤ ከ12ቱም በሬዎች የቀሩት 10 ብቻ ናቸው። በ1804 ዓ.ም. ወደ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ተዛወረ፤ ይህችም በ1015 ዓ.ም. የተቀደሰች ጥንታዊት ደብር ናት።

ካቴድራሉ የነበረበት ስፍራ ዛሬ የከተማው ሰፊ አደባባይ ሆኖ፥ የመሠረቱ ድንጋይ ከምድር በታች ለጐብኚ ይታያል። መስፍኑ ጳጳስም ግዛቱም አልፈዋል። በዚያ የጥፋት ወራት መጠመቂያውን የሸሸገው ሰው ሥራ ግን አላለፈም፤ ሄሊን ለከተማው ልጆች ያሠራው ገንዳ፥ ሁለት በሬ ጐድሎት እንኳ፥ ታሪኩን ሳያቋርጥ ይናገራል።