የአኒሜሽን እንቅስቃሴ ቀረጻ በባዮሜካኒክስ ምርምር

የአኒሜሽን እንቅስቃሴ ቀረጻ የሰውን አካል እንቅስቃሴ በካሜራ ወይም በሴንሰር መዝግቦ ለፊልምና ለቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርያት የሚያላብስ ዘዴ ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ በአጥንት፣ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ኃይል የሚያጠናው ባዮሜካኒክስም በእነዚሁ መሣሪያዎች ይገለገላል። የሁለቱ ሙያዎች ፍላጎት ግን ይለያያል፤ አኒሜተሩ ለዓይን እውነት የሚመስል ነገር ሲሻ፣ ተመራማሪው የሚሻው አጥንቱ በትክክል የት እንደነበረ ማወቅ ነው።

መሣሪያው ከሲኒማ ወደ ሳይንስ የተሻገረ ቢመስልም የታሪኩ መነሻ ላቦራቶሪ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኤቲየን ዡል ማሬ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰው ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በእጅና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር አስምሮ፣ እርምጃውን በአንድ የፎቶ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ አነሳ። በምስሉ ላይ ሰውየው ይጠፋል፤ የሚታዩት መስመሮቹ ብቻ ናቸው። የዛሬዎቹ አንጸባራቂ ምልክቶች መነሻ ሐሳብ ይኸው ነው። በኦክስፎርድ የተሠራው ቪኮን የተባለው የቀረጻ ሥርዓትም በመጀመሪያ ያገለገለው የሕሙማንን አካሄድ ለመመርመር ነበር፤ የፊልም ሠሪዎች ዓለም የተቀበለው ኋላ ነው። ከፊልምና ከጌም ገበያው ጋር እንደ ኦፕቲትራክ ያሉ ዋጋቸው ዝቅ ያለ ሥርዓቶች መጡ፤ በጀት ያነሳቸው የምርምር ክፍሎችም ወደ እነሱ ዞሩ።

በኦፕቲካል ሥርዓት ካሜራዎቹ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይረጫሉ፤ በሰውነት ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ኳሶች ብርሃኑን መልሰው ያንጸባርቃሉ። የአንድን ኳስ ቦታ በሦስት አቅጣጫ ለማስላት ቢያንስ ሁለት ካሜራዎች ሊያዩት ይገባል። የአንድን አካል ክፍል፣ ለምሳሌ የጭንን፣ አቀማመጥና ዙረት ሙሉ በሙሉ ለማወቅ ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ምልክቶች ያስፈልጋሉ።

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ሙያዎች አብረው ይሄዳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። የአኒሜሽን ሶፍትዌር የተሰወሩ ምልክቶችን ቦታ በግምት ይሞላል፣ መንቀጥቀጡን ያለሰልሳል፣ የሚንሸራተት እግርን ወለሉ ላይ ይቸነክራል፣ የተዋናዩንም እንቅስቃሴ ቁመቱ ለተለየ ፍጡር ያስማማል። ይህ ሁሉ ለፊልም የሚገባ ሥራ ነው። የጉልበት ጅማት ጉዳት ለሚያጠና ሰው ግን የጥቂት ዲግሪ ዙረት ራሱ ጥያቄው ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ካለሰለሰው ጥናቱ አብሮ ይጠፋል።

ምንም ሳያስተካክሉ መተውም አያዋጣም። ኃይልን ለማስላት ፍጥንጥነት ያስፈልጋል፤ ፍጥንጥነት ደግሞ ከቦታ መረጃ በሁለት ደረጃ ስለሚሰላ ትንሿን ስህተት ያገዝፋል። በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚመላለስ፣ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ መንቀጥቀጥ በሴኮንድ ካሬ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ሐሰተኛ ፍጥንጥነት ይወልዳል። ይህ ከመሬት ስበት 40 በመቶ ገደማ ነው! ስለዚህ ማጣሪያው የትኛውን ድግግሞሽ እንደሚቆርጥ ተመራማሪው ራሱ መርጦ በጽሑፉ ሊገልጸው ይገባል፤ ለፋብሪካው ምርጫ የሚተው ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት የፋይሉ ዓይነትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአኒሜሽን የተለመደው ቢቪኤች የሚይዘው የአንድን የተዘጋጀ አጽም የመገጣጠሚያ ዙረት ነው። ሲ3ዲ ግን የእያንዳንዱን ምልክት ቦታ ከወለል ኃይል መለኪያ መረጃ ጋር ያስቀምጣል፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደተሠራው የባዮሜካኒክስ ሶፍትዌር፣ ወደ ኦፕንሲም፣ ለመሄድም የሚያመቸው ይህ ነው። ኃይል መለኪያው እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ካሜራ እግር መሬቱን ምን ያህል እንደገፋ አይለካም።

ውድም ሆነ ርካሽ ካሜራ የማይፈታው ችግር ቆዳ ነው። ምልክቱ የሚለጠፈው በቆዳ ላይ እንጂ በአጥንት ላይ አይደለም፤ በተለይ ጭን ላይ ቆዳና ጡንቻ ከአጥንቱ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ።

ከኦፕቲካሉ ውጭ፣ ኤክስሴንስን የመሰሉ ሴንሰር የተገጠመላቸው ልብሶች ምርምሩን ከላቦራቶሪ ወደ ሜዳ አውጥተዋል፤ የማግኔት ሴንሰራቸውን ግን በአቅራቢያው ያለ ብረት ያሳስተዋል። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ለጌም የወጣው ኪኔክት የተባለው ካሜራም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሎች ገብቶ ነበር፤ የእርምጃን ርዝመትና ጊዜ ለመገመት ሲረዳ በቁርጭምጭሚት ላይ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል።

ምልክት የማያስፈልጋቸው አዳዲስ ዘዴዎች መገጣጠሚያን የሚለዩት ሰዎች በፎቶ ላይ በዓይን ግምት ካስቀመጧቸው ነጥቦች ተምረው ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ግን በፎቶ አይታይም። በሁለት ስልኮች የሚሠራው ኦፕንካፕ ይህን ክፍተት ለመሙላት፣ በምልክት ከተቀረጸ የላቦራቶሪ መረጃ የተማረ ሁለተኛ ሞዴል ይጨምራል።