የትኛው ባለ ሥልጣን? የዉስተርና የበትለር እስራት በጆርጂያ (1831–1833)

ሮሜ 13ን ስናስተምር «ባለ ሥልጣን» የሚለውን ቃል አንድ ወንበር፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ትእዛዝ ያለው አድርገን እናቀርበዋለን። ሐዋርያው ግን ቃሉን በብዙ ቁጥር ነው የጻፈው። በአገልግሎት መስክ ያላችሁ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ቀበሌ የሚለውና ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ የሚለው ሁልጊዜ አይገጥምም። አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ «ሁለቱ ባለ ሥልጣናት ተቃራኒ ነገር ቢያዝዙ ለማን ልገዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ፌዴራል» የሚለው ቃል ከላቲኑ «ፌዱስ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቃል ኪዳን ነው፤ በነገረ መለኮት ትምህርታችን «ፌዴራል ቲዎሎጂ» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። በ1787 የተረቀቀው የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት በክፍለ ግዛቶች መካከል እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ነበር። ጦርነትን፣ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ውል መግባትን፣ ከነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረገውን ንግድ መቆጣጠርን ለማዕከሉ ሰጠ። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለማዕከሉ ያልተሰጠውንና ለክፍለ ግዛቶች ያልተከለከለውን ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶችና ለሕዝቡ አስቀረ። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ በዚያ ሰነድ ውስጥ ስሙ እንኳ የለም፤ ክፍለ ግዛቱ ይፈጥረዋል፣ ክፍለ ግዛቱ ይሽረዋል።

ችግሩ ማዕከሉ ሁለት እርስ በርስ የሚጋጩ ቃሎች መግባቱ ነበር። በ1785 በሆፕዌል፣ በ1791 በሆልስተን ከቼሮኪ ሕዝብ ጋር ውል አድርጎ ምድራቸውን እንደሚጠብቅላቸው ተስማማ። በ1802 ደግሞ ጆርጂያ ወደ ምዕራብ ያላትን ሰፊ መሬት ስታስረክበው፣ በምላሹ በጆርጂያ ወሰን ውስጥ ያለውን የነባር ሕዝቦች የመሬት ይዞታ በሰላምና በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያበቃ አደርጋለሁ አለ። ለአንዱ «ምድርህን እጠብቃለሁ»፣ ለሌላው «ያንኑ ምድር አስለቅቅልሃለሁ» ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ጉዳዩ ተንከባለለ። በ1827 ቼሮኪዎች የራሳቸውን ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ብዙም ሳይቆይ በምድራቸው ወርቅ ተገኘ። የጆርጂያ ትዕግሥት አለቀ።

ሳሙኤል ዉስተር በቬርሞንት ያደገ፣ በቦስተን ከሚገኘው የአሜሪካ ቦርድ የተላከ ሚስዮናዊ ነበር። በ1825 ወደ ቼሮኪዎች መጣ፤ በኋላም በዋና ከተማቸው በኒው ኢቾታ ተቀመጠ። ቼሮኪዎች በዚያን ጊዜ የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። ሴኮያ የተባለው ሰው ያዘጋጀው ይህ ፊደል ከ80 የሚበልጡ ምልክቶች አሉት፤ እንደ እኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት በአብዛኛው ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ይይዛል። (ሀሁ ብሎ ላደገ ሰው ከላቲኑ ይልቅ ይህ አሠራር ይገባዋል።) በ1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለ ጋዜጣ በዚህ ፊደልና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ። አዘጋጁ ኤሊያስ ቡዲኖት የተባለ ቼሮኪ ነበር፤ እርሱና ዉስተር አብረው የማቴዎስን ወንጌል ተርጉመው በ1829 አሳተሙ።

በታኅሣሥ 1830 ጆርጂያ አንድ ሕግ አወጣች። ከመጋቢት 1 ቀን 1831 በኋላ በቼሮኪ ምድር የሚኖር ነጭ ሁሉ ለክፍለ ግዛቷ ታማኝ እንደሚሆን ቃለ መሐላ ፈጽሞ ፈቃድ ካላወጣ ቢያንስ አራት ዓመት በከባድ የጉልበት ሥራ እንዲቀጣ የሚል ነው። አንዳንድ ሚስዮናውያን ድንበር ተሻግረው ሄዱ። ዉስተር ቆየ። ቃለ መሐላው በግሉ የሚፈጸም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጆርጂያ በቼሮኪዎች ላይ ሥልጣን አላት ብሎ መመስከር ነበር። እንዲህ የመሰከረ ሰው ነገ በዚያ ሕዝብ ፊት ምን ዓይነት ወንጌል ይሰብካል?

ቀጥሎ የሆነውን አስተውሉ። በመጋቢት ተያዘ፤ ዳኛው ግን ለቀቀው፤ ዉስተር የኒው ኢቾታ ፖስታ ቤት ኃላፊ ስለ ነበር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። የጆርጂያ ገዥ ጊልመር ለዋሽንግተን አመለከተ፤ ዋሽንግተንም ከፖስታ ኃላፊነቱ አነሣው። ማዕከላዊው መንግሥት በገዛ እጁ ጋሻውን አነሣ ማለት ነው። በሐምሌ እንደ ገና ተያዘ፤ በመስከረም በግዊኔት ካውንቲ በሎረንስቪል ከተማ በዳኞች ጉባኤ ፊት ቀረበ። አሥራ አንድ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው አራት አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ገዥው ይቅርታ ሲያቀርብ ዘጠኙ ተቀበሉ። ዉስተርና ሐኪሙ ሚስዮናዊ ኤሊዙር በትለር እምቢ ብለው ሚሌጅቪል ወህኒ ቤት ገቡ። ይቅርታውን ቢቀበሉ ኖሮ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚወስድ ጉዳይ አይኖርም ነበር።

ፍርድ ቤቱ ከአንድ ዓመት በፊት ቼሮኪዎች ራሳቸው ያቀረቡትን ክስ፣ የውጭ መንግሥት አይደላችሁምና አልሰማችሁም ብሎ መልሶታል። ሁለት አሜሪካውያን እስረኞች ሲያመለክቱ ግን መስማት ግድ ሆነበት። መጋቢት 3 ቀን 1832 ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል፣ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ኃይል የለውም፣ ውል መግባት የማዕከሉ ሥልጣን ነው፣ ዉስተርም ይፈታ ብሎ ወሰነ። ጆርጂያ ጠበቃ እንኳ አልላከችም ነበር፤ ውሳኔውንም አልፈጸመችም። ፕሬዚዳንት ጃክሰን «ማርሻል ከፈለገ ራሱ ያስፈጽም» ብሏል እየተባለ በስብከት ሳይቀር ይጠቀሳል፤ አትጥቀሱት፤ በመጽሐፍ የወጣው ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ነው። የተረጋገጠው ነገር ምንም አለማድረጉ ነው። ፍርድ ቤቱም የዓመቱን ችሎት ስለ ዘጋ እስከ 1833 መጀመሪያ ሌላ ትእዛዝ መስጠት አይችልም ነበር።

በመካከሉ ሌላ እሳት ተነሣ። በኅዳር 1832 ሳውዝ ካሮላይና የፌዴራሉ የቀረጥ ሕግ በእኔ ዘንድ የተሻረ ነው ብላ አወጀች። ጃክሰን በታኅሣሥ በብርቱ ቃል መለሰላት፤ ክፍለ ግዛት የማዕከሉን ሕግ ሊሽር አይችልም አለ። አሁን በጆርጂያ ዝም ያለው ሰው በሳውዝ ካሮላይና ሊዘምት ነው። እስረኞቹ በጥር ወደ ፍርድ ቤቱ ቢመለሱ ጆርጂያም ከጎረቤቷ ጋር ልትቆም ትችላለች የሚል ፍርሃት በዋሽንግተን ነገሠ። የሚስዮናውያኑ ደጋፊ የነበሩ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ ጉዳዩን እንዲተዉት መከሩ። የቦስተኑ ቦርድም እንዲሁ መከረ። ዉስተርና በትለር ክሱን ተዉ፤ አዲሱ ገዥ ላምፕኪን ጥር 14 ቀን 1833 ፈታቸው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ በሁለቱ ሰዎች አዝኜ ነበር፤ አሥራ ስድስት ወር ታስረው በመጨረሻው ሰዓት ለምን? ዛሬ እንዲያ አልፈርድም። ውሳኔው በእጃቸው ነበር፤ የሚያስፈጽም ክንድ ግን አልነበረም፤ የእርስ በርስ ጦርነት ቢነሣ ደሙ በእነርሱ ስም ይፈስሳል ተብለዋል። የሚከብደኝ የቦርዱ ምክር ነው። የማኅበሩ ሽማግሌዎች ስለ ኅብረቱ ሰላም አሰቡ፤ የሰላሙን ዋጋ የሚከፍሉት ግን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልተቀመጡም። ማዕከሉና ክፍለ ግዛቱ ታረቁ። ለዕርቁ የቀረበው መሥዋዕት የሦስተኛ ወገን ምድር ነበር። ጆርጂያ ምድሩን አስቀድማ በካውንቲዎች ከፋፍላ ለነጮች በዕጣ ስታድል ነበር፤ ዳኛው፣ ፖሊሱ፣ የመሬት መዝገቡ ሁሉ በአዲሶቹ ካውንቲዎች እጅ ገባ። ለአንድ የቼሮኪ ገበሬ «መንግሥት» ማለት ከዚያ ወዲያ ዕጣ ደርሶኛል ብሎ በሩን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነበር። ማርሻል የጻፈው ፍርድ እስከዚያ በር አልደረሰም።

ለተማሪዬ ዛሬ እንዲህ እለዋለሁ፦ ዉስተር ለሥልጣን አልገዛም አላለም። የውሉን ቃል ለጻፈው ባለ ሥልጣን ተገዛ፤ ቅጣቱንም ሳይሸሽ ተቀበለ። ያ ባለ ሥልጣን ቃሉን ሲተው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ከሮሜ 13 ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ አሞጽንም መክፈት ያስፈልጋል።

በታኅሣሥ 1835 ቡዲኖትን ጨምሮ ጥቂት ቼሮኪዎች፣ አለቃቸው ጆን ሮስ ሳይስማማ፣ በኒው ኢቾታ የመልቀቂያ ውል ፈረሙ። ሴኔቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ አጸደቀው። በ1838 የፌዴራል ወታደሮች ሕዝቡን ከየቤቱ አውጥተው ወደ ምዕራብ ሰደዱት። ቼሮኪው የባፕቲስት መጋቢ ጄሲ ቡሺሄድ አንዱን ጉዞ መራ። ዉስተር ቀደም ብሎ ወደ ምዕራብ ሄዶ የኅትመት ሥራውን ቀጥሎ ነበር። በትለር ከሕዝቡ ጋር ተጓዘ፤ በመንገድና በማጎሪያ ሰፈር ከ4,000 በላይ ሰው ሞተ የሚለው ግምት የእርሱ ነው። ጆርጂያ ለሁለቱ ሚስዮናውያን ሙሉ ይቅርታ የሰጠችው በ1992 ነው።