ከባዱ የእንግሊዝኛ ቃል ለእንግሊዞችም ከባድ ነበር

«አስክ»፣ «ክዌሽን»፣ «ኢንተሮጌት»። ሦስቱም መጠየቅ ማለት ናቸው። ታዲያ እንግሊዝኛ ለአንድ ሥራ ሦስት ቃል ምን ያደርግለታል?

መልሱ ታሪኩ ውስጥ ነው። «አስክ» የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ሲነግሥ፣ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ሆነ። «ክዌሽን» የገባው በዚያ በር ነው። ሊቃውንቱ ደግሞ ለአዲስ ሐሳብ ቃል ሲያጡ በቀጥታ ከላቲንና ከግሪክ ይበደሩ ነበር፤ እኛ «ሥነ ሕይወት» ለማለት ወደ ግዕዝ እንደሄድነው ማለት ነው። «ኢንተሮጌት» ከላቲን ነው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ብድሩ ከመብዛቱ የተነሳ እንግሊዞቹ ራሳቸው ግራ ገባቸው። በ1604 ሮበርት ኮድሪ የተባለ መምህር 2,500 ገደማ ቃላት የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት እሱ እንደሆነ ይነገርለታል። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የዘወትር ቃል ትቶ ከባድ የተባሉትን ብቻ ነበር የሚፈታው።

ይሄ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉ ካልገባ ሐሳቡም አብሮ ያመልጣል። ብዙዎቻችን ረጅም ዝርዝር ከ«ኤ» ጀምረን እንሸመድዳለን፤ በሳምንቱ ይጠፋል። የተበደሩት ቃላት ግን ቤተሰብ አላቸው።

«ፖርት»ን እንውሰድ። በላቲን መሸከም ማለት ነው። «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ፣ «ኤክስፖርት» ወደ ውጭ፣ «ትራንስፖርት» አሻግሮ፣ «ሪፖርት» መልሶ መሸከም ነው። አራቱንም እኮ በአማርኛ ስታወሩ ትጠቀሙባቸዋላችሁ! አሁን «ፖርተብል» ቢገጥማችሁ ትርጉሙን ትገምታላችሁ፤ በቀላሉ ተሸክመን የምንዞረው። «ትራንስ»ን ካወቃችሁ ደግሞ «ትራንስሚት» አሻግሮ መላክ መሆኑ አይከብዳችሁም።

ግምት ግን ያሳስታል። «ኢምፖርት» ላይ ያለው «ኢም» ወደ ውስጥ ሲሆን፣ «ኢምፖሲብል» ላይ ያለው ግን አፍራሽ ነው፤ የማይቻል ማለት ነው። ስለዚህ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። አዲስ ቃል ስትጽፉም ሥሩን፣ ሁለት ዘመዶቹንና ራሳችሁ የሠራችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር አብራችሁ ጻፉ።