«የእኛ ፊደል እዚህ አይገባም»

ባለፈው ወር ሮቤ ነበርኩ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። ፒክስል አርት ነው፤ ትናንሽ ካሬ ነጥቦችን አንድ በአንድ ቀለም እየሞሉ የሚሠራ ሥዕል። የሳነቴን ቀይ ቀበሮ ለሚያስበው ጌም ሞክሮታል። ከሥሩ ኦሮምኛውን «ጄዳላ ፈርዳ» በቁቤ ጽፏል፤ ደግ አደረገ። አማርኛውን «ቀይ ቀበሮ» ግን እሱንም በላቲን። ለምን ስለው «የእኛ ፊደል እዚህ አይገባም፤ አይነበብም» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ከልጁ ዕድሜ በእጅጉ ይበልጣል።

ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የታይፕራይተር ቁልፍ ይህን አይችልም። ስለዚህ ፊደሉ በቁርጥራጭ እየተገጣጠመ ይጻፍ ጀመር፣ መልኩም ተጎዳ። «ፊደሉን እንቀንሰው» የሚሉ ሐሳቦችም በየጊዜው ተነሥተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኮምፒውተር መጣ። በዚያ ዘመን ስክሪን ላይ ፊደል ማለት ነጥብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ 8 በ8፣ በድምሩ 64 ነጥብ ነበር። እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ቀዳሚ ባለሙያዎች ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ያወጡት በዚህ ጥበት ውስጥ ነው።

እስቲ «ሔ»ን በ8 ነጥብ ስፋት ሣሉት። ሦስት እግር ሦስት ነጥብ ይወስዳል፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት፤ አምስት ሆነ። ቀለበቱ ቀኝ እግሩን እንደ ግድግዳ ተጠቅሞ ሁለት ይጨምራል፤ ሰባት። ስምንተኛው ከቀጣዩ ፊደል መለያ ነው። ልክ ገባ! አንድም ነጥብ ግን አይባክንም። «ለ» እና «ላ»ም እንዲሁ፦ የእግሮቹ ልዩነት አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ዐይን ይስታል፤ ሁለት ሲሆን ይለያል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሱዛን ኬር የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ምልክቶች ባለ ካሬ ደብተር ላይ በ32 በ32 ነጥብ ነው የሣለቻቸው፤ ያላት ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሚያሞቶ ለማሪዮ ጺም የሰጠው አፍ የሚሣልበት ነጥብ ስላጣ ነው፤ ኮፍያ የደፋለትም ፀጉር መሣል ስላስቸገረው።

የልጁ ቀበሮ ግን ውሻ ይመስላል። ችግሩ የነጥብ ማነስ አይደለም፣ መብዛት ነው። ፎቶ እያየ ፀጉሩን ሁሉ ሊቀዳ ሞክሯል፤ ቀለሙ ከሠላሳ ይበልጣል። «መጀመሪያ በአንድ ቀለም ጥላውን ብቻ ሣል» አልኩት። «ጥላው ቀበሮ ካልመሰለ ቀለም አያድነውም።» ረጅም እግር፣ ሹል አፍንጫ፣ ቀጥ ያለ ጆሮ። ከዚያ አራት ቀለም ይበቃል፦ ቀይ፣ ለጥላው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ለጉሮሮው ነጭ፣ ለጭራው ጫፍ ጥቁር። በዓለም ካሉት 500 የማይሞሉ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። የባሌ ልጅ ውሻ አድርጎ ከሣላቸው ማን በትክክል ሊሥላቸው ነው?

ፊደሉንም ሞከርነው። «ቀ» ሦስት ጊዜ ፈረሰች፤ በአራተኛው ተነበበች።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ በየስልካችን አለ። እዚያ የደረሰው ግን «አይገባም» ሲባሉ ነጥብ መቁጠር የጀመሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ጀማሪ ሠዓሊም የሚሻሻለው እንዲሁ ነው፤ አዲስ አፕ በመጫን ሳይሆን የትኛው ነጥብ እንደሚቀር በመወሰን።

ልጁ ላቲኑን አጥፍቶ «ቀይ ቀበሮ» ብሎ ጻፈበት። ከ«ጄዳላ ፈርዳ» ጎን አምሮበታል።